ሸኚና ተሸኚ

የወንድሜ የልጅ ልጅ ወታደር እሆናለሁ አለ።

ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ቃል ፍለጋ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። አባቱ አንድ ማታ ደውሎ "ጋሼ፣ እስቲ አንተ ምከረው፤ እኔንማ መስማት ትቷል" አለኝ። ምን ብዬ እንደምመክረው ሳውጠነጥን ልጁ ራሱ ቀደመኝ። "ዌስት ፖይንትን ማየት እፈልጋለሁ፤ አብረን እንሂድ" አለ። እሺ አልኩት። መኪናውን እሱ ነዳ፤ እኔ ቆሎዬን ይዤ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

አባቱ ለምን እንደፈራ መቼም አንባቢ ሳይገምት አይቀርም። የዚህ ልጅ አያት፣ ማለትም ታላቅ ወንድሜ፣ የሐረር ጦር አካዳሚ ምሩቅ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ሰሜን ላይ ወድቆ ቀረ። የልጁ አባት ያኔ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። ከአባቱ የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ሁለት ወጣቶች የዕጩ መኮንን ልብሳቸውን እንደለበሱ ተቃቅፈው ይስቃሉ። አንደኛው ወንድሜ ነው። ሁለተኛው ማን እንደሆነ አባትየውም ልጁም በየጊዜው ጠይቀውኛል። "የኮርስ ጓደኛው ነው" ከማለት አልፌ አላውቅም።

ሽማግሌ ባዶ እጁን ሊመክር አይሄድም ብዬ ከጉዞው በፊት ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ስለዚያ ትምህርት ቤት ጥቂት መጻሕፍት ተዋስኩ። የትምህርት ቤቱን ታሪክ ከመጀመሪያው አንስቼ እስከ መጨረሻው ላነብ ነበር ሐሳቤ። አንዱ ዘመን ላይ ስደርስ ግን ተይዤ ቀረሁ፤ ከ1860 መገባደጃ እስከ 1861 አጋማሽ ያሉት ወራት፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊፈነዳ ሲል የነበሩት። (የአሜሪካውን ቀን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደጻፍኩት አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ዌስት ፖይንት ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሀድሰን ወንዝ በስተምዕራብ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ከፍታ ላይ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው በ1802 ነው። በኖቬምበር 1860 መግቢያ ላይ 278 ዕጩ መኮንኖች ነበሩበት። ከነዚህ 86ቱ የደቡብ ልጆች ናቸው። ትምህርቱ በዚያን ጊዜ አምስት ዓመት ይፈጅ ስለነበር፣ በመጨረሻው ክፍል ያሉት ልጆች አምስት ዓመት በአንድ ደወል ተነሥተው፣ በአንድ ማዕድ በልተው፣ በአንድ ሜዳ ላይ የቅጣት ዘብ ቆመዋል። የሚማሩት በአብዛኛው ሒሳብና ምሕንድስና ነው። ድልድይ መሥራት፣ ምሽግ መንደፍ ተምረዋል። አጠገብህ የተኛው ልጅ ነገ ጠላትህ ሲሆን ምን ታደርጋለህ የሚል ትምህርት ግን አልነበረም።

ነገሩ በአንድ ጊዜ አልፈነዳም። በ1859 ጆን ብራውን ባሮችን አስነሣለሁ ብሎ ቨርጂኒያ ውስጥ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ የመንግሥት መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲወርር፣ ወሬው ዌስት ፖይንት ገባ። የኒውዮርኩ ኤመሪ አፕተን ጥቁርና ነጭ አብረው በሚማሩበት ኮሌጅ ተምሮ የመጣ ልጅ ነው። የደቡብ ካሮላይናው ጊብስ ይህንኑ አንሥቶ ነውረኛ ቃል ተናገረው። ሁለቱ በማደሪያው አንድ ክፍል ገብተው በቡጢ ተፋለሙ፤ ሌላው ተማሪ ደረጃውን ሞልቶ ያዳምጥ ነበር። አፕተን ፊቱ ደምቶ ወጣ። ያኔ እዚያው ተማሪ የነበረው ሞሪስ ሻፍ በስተርጅና በጻፈው ትዝታው ይህንን ጠብ ከሚመጣው ነገር ጋር አያይዞ ያነሣዋል።

በኦክቶበር 1860 ደግሞ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው የጨዋታ ምርጫ አካሄዱ። ከአራቱ ዕጩዎች መካከል አብርሃም ሊንከን ያገኘው 64 ድምፅ ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንዳንድ የደቡብ ልጆች "ከመካከላችን ለሊንከን የመረጠው ማነው?" እያሉ በየማደሪያው መጠየቅ ጀመሩ። ጨዋታ ተብሎ የተጀመረው ምርጫ የስም ዝርዝር መፈለጊያ ሆነ። ይህችን ስንኳን እኛም በደንብ እናውቃታለን።

ሊንከን በኖቬምበር 6 በእውነተኛው ምርጫ አሸነፈ። ልክ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ በኖቬምበር 19፣ የደቡብ ካሮላይናው ሄንሪ ፋርሊ ስንብት ጠይቆ ሄደ። ግዛቱ ገና አልተገነጠለችም ነበር። ከእሱ በኋላ አንድ ሁለት እያሉ ተከታተሉ። ለመሄድ የወላጅ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ልጆቹ ለአባቶቻቸው ደብዳቤ ይጽፉና መልስ ይጠብቃሉ። አስቡት እንግዲህ፤ የሃያ ዓመት ልጅ የየትኛው አገር ወታደር እንደሚሆን የፖስታ ከረጢት ሲጠብቅ። በመጨረሻ ከ86ቱ 65ቱ በዚሁ ምክንያት ለቀቁ ወይም ተሰናበቱ። የቀሩትም ነበሩ። የሄዱት ቢያንስ ቤታቸው ነው የገቡት። የቀሩት ግን ጠመንጃቸውን ያዞሩት በእናታቸው መንደር ላይ ነው።

አስተማሪዎቹም ቢሆኑ ከዚህ አልዳኑም። በጃንዋሪ 1861 የሉዊዚያናው ተወላጅ ቦሪጋርድ የትምህርት ቤቱ አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱ የቆየው አምስት ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር ቦሪጋርድ በደቡቦች በኩል ሆኖ ቻርልስተን ወደብ ላይ ፎርት ሰምተር የተባለውን ምሽግ ከበበ። ምሽጉን የሚከላከለው ሻለቃ ሮበርት አንደርሰን ነበር፤ ዌስት ፖይንት ውስጥ መድፍ ያስተማረው፣ በኋላም ረዳቱ አድርጎ የያዘው የገዛ መምህሩ። አፕሪል 12 ቀን ንጋት ላይ ከተተኮሱት የመጀመሪያ ጥይቶች አንዱን የተኮሰው ደግሞ፣ ብዙዎች እንደሚሉት፣ ያ በመጀመሪያ ስንብት የጠየቀው ፋርሊ ነበር።

የጦር ትምህርት ቤት ይህ ብቻ አልነበረም። ቻርልስተን ከተማ ያለው የሲታደል ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብለው፣ ጃንዋሪ 9 ቀን፣ ለምሽጉ ስንቅ ይዛ በመጣችው መርከብ ላይ ተኩሰው መልሰዋታል። የቨርጂኒያ ወታደራዊ ተቋም ተማሪዎች በአፕሪል መጨረሻ፣ በኋላ "ስቶንዎል" የተባለው መምህራቸው ጃክሰን እየመራቸው፣ ምልምል ሊያሠለጥኑ ወደ ሪችመንድ ተጓዙ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተተኪዎቹ ተራ ሲደርስ ግን ማሠልጠን አልነበረም የተጠየቁት። ሜይ 15 ቀን 1864 ኒው ማርኬት ላይ ራሳቸው ከጦሩ ጋር ተሰልፈው አሥር ልጆች ሞቱ።

እኔን ግን የያዘኝ የዌስት ፖይንቱ ስንብት ነው። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1861 የጆርጅ ዋሽንግተን ልደት ነበር። ማታ ሙዚቀኛው ጓድ ሜዳው ላይ ሲጫወት ተማሪው በየመስኮቱ ተደርድሮ ያዳምጣል። ኋላ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው የባንዲራ መዝሙር ሲመታ የሰሜን ልጆች ጮኹ፤ መሪያቸው የኦሃዮው ጆርጅ ከስተር ነበር። የደቡቦቹ "ዲክሲ" ሲመታ ደግሞ የእነሱ ወገን ጮኸ፤ መሪያቸው ቶማስ ሮሰር። ከስተርና ሮሰር የልብ ጓደኛሞች ናቸው። በአንድ ግቢ፣ በሁለት መስኮት፣ እየተሳሳቁ ይሁን እየተናደዱ በማይለይ ድምፅ ተጯጯኹ።

ከስተር በጥፋት ብዛት የታወቀ ተማሪ ነበር። በዚያው ብርድ ወራት አንድ ቅዳሜ የቅጣት ዘብ ላይ ሆኖ ጠመንጃውን ተሸክሞ ሲመላለስ፣ ሁለት የአላባማ ልጆች፣ ቻርልስ ቦልና ጆን ኬሊ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄዱ አየ። ጓደኞቻቸው በትከሻቸው ተሸክመው ወደ መርከቡ ማረፊያ ይወስዷቸዋል። ለመነጋገር ሩቅ ነው። ሁለቱ ከትከሻ ላይ ሆነው ባርኔጣቸውን አነሡለት። ከስተር ግራ ቀኙን አየ፤ መኮንን የለም። ቀጥ ብሎ ቆመና ጠመንጃውን አቅርቦ የጦር ሰላምታ ሰጣቸው። ይህንን የጻፈው ራሱ ነው።

ኬሊ በሃያ ሦስት ዓመቱ የደቡቦች ጄኔራል ሆነ፤ በ1864፣ በሃያ አራት ዓመቱ፣ ተመትቶ ሞተ። ሮሰርና የክፍል ጓደኛው ጆን ፔልሃም ለምረቃ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ፎርት ሰምተር ከወደቀ በኋላ፣ ተያይዘው ሄዱ። የቀረው ተማሪ ቀኑ ሳይደርስ በጥድፊያ ተመረቀ፤ አንዱ ክፍል በሜይ፣ ቀጣዩ ክፍል አንድ ዓመት ተቀንሶለት በጁን 1861። በጁኑ ምረቃ 34 ልጆች ነበሩ። አንደኛ የወጣው ፓትሪክ ኦሮርክ ጁላይ 2 ቀን 1863 ጌቲስበርግ ላይ ሞተ። አሎንዞ ኩሺንግ በማግስቱ እዚያው በመድፉ አጠገብ ሞተ፤ ዕድሜው ሃያ ሁለት ነበር። ፔልሃም ከእነሱ ቀድሞ በማርች ሞቷል። ከ34ቱ መጨረሻ የወጣው ከስተር ግን ከተመረቀ ወር ሳይሞላው ቡል ረን ጦርነት ላይ ነበር፤ ጦርነቱንም ተርፎ አለፈ።

* * *

መግቢያው ላይ መታወቂያ አሳይተን ከጎብኚዎች ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። ልጁ በመስኮት የሚያልፉትን ተማሪዎች እያየ ዝም አለ። መቃብር ስፍራው ውስጥ ከስተር አለ፤ ኩሺንግ አለ፤ ምሽጉን የተከላከለው አንደርሰንም አለ። ቀጥሎ ወንዙን ቁልቁል ወደሚያሳየው ሜዳ ሄድን። እዚያ አንድ ረጅም የጥቁር ድንጋይ ዓይነት ሳይሆን ፈካ ያለ ግራናይት ዓምድ ቆሟል። በእርስ በርስ ጦርነቱ በመንግሥት ወገን ሆነው የሞቱ 2,230 መደበኛ ወታደሮችና መኮንኖች ስም ተጽፎበታል። የተመረቀው በ1897 ነው።

ልጁ ስሞቹን ዞሮ ዞሮ አየና "የእነዚያኞቹስ?" አለኝ።

"እዚህ የሉበትም" አልኩት።

"እነሱም እዚህ ተምረው የለም?"

ተምረዋል። የኔ ነገር የመጣውም በዚህ ጥያቄ ነው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ጀኔራል አማን አምዶም በኅዳር ተገድለዋል፤ በጥር መጨረሻ አስመራ ውስጥ ውጊያ ፈንድቷል። የወንድሜ የኮርስ ጓደኛ የአስመራ ልጅ ነው። ከዕጩ መኮንንነታቸው ጀምሮ እረፍት ሲያገኙ ጉለሌ ቤታችን ይመጣ ነበር። እናቴ ለሁለቱ ሁለት ጋቢ በአንድ ጊዜ አሠርታላቸው ታውቃለች። ያን ዕለት ማታ የሲቪል ልብስ ለብሶ መጣ። እናቴ እንደ ሁልጊዜው "የኔ ልጅ" ብላ ስማ ሽሮ አቀረበች። ከመጋረጃው ጀርባ መደቡ ላይ ተኝቼ ነበር፤ ተኝቼ ነበር ማለቴ ተኝቼ አልነበረም።

"ነገ እሄዳለሁ" አለ ልጁ። "ከፈለግህ አሁኑኑ ንገርባቸው። አልቀየምህም።"

ወንድሜ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "እናቴ ስንቅ ትቋጥርልህ?" አለው።

ሌላ ያወሩት ነገር ትዝ አይለኝም። ስለ ኳስ አውርተዋል፤ ስለ አንድ ሕንዳዊ አሠልጣኛቸው አማርኛ አውርተው ስቀዋል። ስለ ኤርትራ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሊነጋ ሲል ወንድሜ የመኮንን ልብሱን ሙሉ ለበሰ። ሮንድ እንዳያስቆማቸው መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የጓደኛውን ሻንጣ ራሱ ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኘው። ሲመለስ ጫማውን ወልውሎ ሥራ ገባ። ጓደኛው ሜዳ መውጣቱ ሲሰማ ወንድሜም ተጠየቀ፤ አላውቅም አለ። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ይኸው ሃምሳ ዓመት አለፈ።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ወንድሜ ሲወድቅ ጓደኛው በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ፊት ለፊት ካለው ምሽግ ውስጥ ይሁን ሌላ ቦታ፣ የነገረን የለም። እናቴ አንድም ቀን "እሱ ይሆን የገደለብኝ?" ብላ አላወቀችም። እሷ የምትለው "የዚያ ልጅ እናት አለች ይሆን?" ብቻ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ዐረፈች፤ የ1990ውን ጦርነት ሳታይ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሰሜን እንደገና ሲነድ፣ አንድ ልብስ ለብሰው አንድ ምጣድ እንጀራ የበሉ ሰዎች ሲተኳኮሱ ስሰማ፣ የመጣብኝ የዚያ ሌሊት ሹክሹክታ ነው።

* * *

የከስተርን ሰላምታ አሜሪካኖች በፍቅር ያወሩታል። ቀጣዩንም ይጨምሩበታል። ኦክቶበር 9 ቀን 1864 ቶምስ ብሩክ ላይ ከስተርና ሮሰር በፈረሰኛ ጦር አዛዥነት ፊት ለፊት ተገናኙ። ከስተር ከጦሩ ወደፊት ወጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳው፤ ከዚያ ወግቶ አባረረው። በ1873 ደግሞ ሮሰር የባቡር መሥመር ቀያሽ፣ ከስተር የቀያሾቹ ጠባቂ ሆነው የሎውስቶን ወንዝ አካባቢ ተገናኙና ድንኳን ውስጥ ጋደም ብለው ስለዚያ ቀን አወጉ።

ይህንን ሳነብ እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አልዋሽም። ገጹን ከገለጥኩ በኋላ ግን ሌላ ሰው አገኘሁ። ሄንሪ ፍሊፐር ይባላል። ጆርጂያ ውስጥ ከባሮች ተወልዶ፣ በ1877 ከዌስት ፖይንት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር መኮንን ሆነ። አራት ዓመት ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር ወግ የለው፣ ጨዋታ የለው፤ ከሥራ ጉዳይ በቀር ቃል የሚለዋወጠው የለም። ጠላቱን በጦር ሰላምታ የሸኘ ቤት ከጎኑ ለተሰለፈው ልጅ እንደምን አደርክ ማለት አልሆነለትም። ጦርነቱ ሲነሣ አራት ሚሊዮን ያህል ሰው በባርነት ነበር። ከ600 ሺህ የማያንስ ወታደር ያለቀበት ጉዳይ ይህ ነው። በዚያ የልደት ማታ በሁለቱ መስኮቶች መካከል የተጯጯኹት ልጆች ግን ባንዲራ ነው የዘፈኑት። የነገሩን ሥር ፊት ለፊት ያወጡት አፕተንና ጊብስ ናቸው፤ እነሱም በቡጢ።

ስለዚህ ወንድሜን እንደገና አሰብኩት። ዝምታ ወርቅ ነው ብለን አድገናል። የሁለቱ ጓደኝነት የቆመው ሳይነሣ በቀረ ነገር ላይ ነበር፤ ያ ነገር ሲነሣ የቀራቸው መሸኘት ብቻ ሆነ። ፎቶግራፉ ውስጥ ሁለት መኮንኖች አሉ። ከወንድሜ ጋር የወደቁት የገበሬ ልጆች፣ ከወዲያኛው ምሽግ የወደቁትም እረኞች፣ ፎቶግራፍ የላቸውም፤ ሻንጣቸውን ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ ያደረሳቸውም የለም። ወንድሜ በዚያ ሌሊት ያደረገውን እወድለታለሁ። በቂ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም።

ይህንን ሁሉ እዚያው ወንዙን እያየን ለልጁ ነገርኩት፤ ለአባቱ እንኳ ያልነገርኩትን። አማርኛው ሲያቅተው በእንግሊዝኛ እየደገምኩ ነገርኩት። ሲያበቃ "አያቴ አጥፍቷል?" አለኝ።

"በሕጉ አዎን። በእናቴ ቤት ግን እንግዳን ከደጅ አሳልፎ መስጠት አልነበረም።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ነበርኩ" አልኩት። ያለኝ መልስ እሱ ነው።

ትንሽ ቆይቶ "ስሙ ማነው?" አለ። የማንን እንደሚጠይቀኝ ገብቶኛል። ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ ጻፈው፤ ፊደሉን ሳይስት።

አባቱ በሳምንቱ ደወለ። ልጁ ማመልከቻውን እየሞላ ነው። ፎቶግራፉንም ከግድግዳው አውርዶ ከጀርባው ሁለት ስም ጽፎ መልሶ ሰቅሎታል። "ጋሼ፣ መከርከው ወይስ ባስክበት?" አለኝ።

"አልመከርኩትም" አልኩት። "ነገርኩት። ና አንተም፤ ቡና አፍልቼ ልንገርህ።"